ማሽኑ የማያውቀው ኃ

ስለ ኃይለአብ የማወራው ስለምጠላው አይደለም። በአንድ ፎቅ ላይ ይህን ያህል ዘመን አብረውት የኖሩትን ሰው መጥላትም ይሰለቻል። የማወራው፣ የተማረ ሰው በገዛ ትምህርቱ ተጠልፎ ሲወድቅ ከሱ የተሻለ ምሳሌ በካዛንቺስ ስላላገኘሁ ነው። እኔ የሻረግ እባላለሁ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራውም አታውቁትም፤ ምን እንደሚሠራ እኛም በቅጡ የምንሰማው የዓመቱ ሪፖርት ሲነበብልን ነው።

ያንን ሪፖርት የሚያዘጋጀው ኃይለአብ ነው፤ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ። ተወልዶ ያደገው ቂርቆስ ሠፈር ነው። አባቱ ከዓዲግራት መጥተው ለገሃር ጨርቅ ይሸጡ የነበሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ገና በሕፃንነቱ ቄስ ትምህርት ቤት አስገቡት፤ እዚያ ፊደል ቆጠረ። ምነው ቆጥሮ ባቆመ! ሌላው ልጅ ሀ ሁ ብሎ ሲያልፍ እሱ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያለ ሦስቱን ለየ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜው ያለፈው ሦስቱን ባልለየ ሰው ላይ ሲበሳጭ ነው።

የሱ ስም የሚጻፈው በብዙኃኑ ነው። «ኃይል» በብዙኃኑ መሆኑ እውነት ነው፤ በዚህ አልከራከረውም። ነገር ግን በሃሌታው ሃ የተጻፈለትን ደብዳቤ ሳያነብ ይመልሳል። የባንክ ደብተሩን፣ የቀበሌ መታወቂያውን፣ ዲግሪውን፣ የጡረታ ካርዱን ሳይቀር አንድ በአንድ ተከታትሎ አሳርሟል። አንድ ጊዜ አዋጥተን የልደት ኬክ ገዛንለት። ኬኩ ላይ «ሃይለአብ» ተብሎ በክሬም ተጽፏል። ቢላዋውን ሲያነሳ ሊቆርስ መስሎን አጨበጨብን። እሱ ግን በቢላዋው ጫፍ ሃዋን እየፋቀ ኃ ሊያደርጋት ይታገል ጀመር። እጃችን እስኪዝል አጨብጭበን ተውነው። ያን ቀን የበላነው ኬክ ሳይሆን የታረመ ደብተር ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ማክሮ ሊማር የሄደው።

ማክሮ ለማታውቁት፣ ኤክሴል ላይ ደጋግማችሁ የምትሠሩትን ሥራ አንድ ጊዜ ታስተምሩታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ራሱ ይሠራዋል። ክፉ ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ባምቢስ አካባቢ ባለ ማሠልጠኛ ከፍሎ ኃይለአብንና ከሰው ሀብት ክፍል ሜቲን ላከ። ሜቲ ልጅ ናት፤ የሰማችውን ሁሉ መጥታ ለኔ ትነግረኛለች፤ ስለዚህ የማሠልጠኛውን ነገር አብሬ እንደተማርኩት አውቀዋለሁ።

አሠልጣኙ ኦልጅራ የሚባል ትዕግሥተኛ ወጣት ነበር። መጀመሪያ ያስተማራቸው መቅረጽን ነው። የመቅረጫውን ምልክት ትነካለህ፣ ሥራህን ትሠራለህ፣ ታቆማለህ፤ ኮምፒውተሩ ያደረግኸውን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ቀጥሎ ኮድ መጻፍ መጣ። ኃይለአብ መቅረጹን ወደደ፤ ኮዱ ሲመጣ ግን «ይሄ የቴክኒክ ዝርዝር ነው፤ ማለቴ፣ እኛ ባለሙያዎች ነን» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ከኮዱ ሁሉ በቃሉ ይዞ የተመለሰው አንዲት መስመር ብቻ ናት። ያቺ መስመር ኮምፒውተሩን «ስህተት ቢያጋጥምህ ዝም ብለህ እለፍ» የምትል ናት። እጅግ ወደዳት። ለዚች መስመር ባምቢስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከተቋቋመ ጀምሮ የሚመራው በሷ ነው።

ሌላም ነገር ተማረ፤ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦልጅራ ስም ስለማመሳሰል ሲያስተምር እንዲህ ብሎ አስጠነቀቃቸው።

«ተጠንቀቁ፤ ለኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በአንዱ ፋይል በአንዱ፣ በሌላው ፋይል በሌላው ከተጻፉ አንድን ሰው ሁለት ሰው ያደርገዋል። መጀመሪያ ስሞቹን አንድ ዓይነት አድርጉ።»

ሜቲ ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ኃይለአብ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። «ማለት ኮምፒውተሩ ይለያቸዋል?» አለ። «ጋሼ፣ ይለያቸዋል፤ ችግሩ እኮ እሱ ነው» አለው ኦልጅራ። ችግሩን ማን ሰምቶ! ኃይለአብ በዕድሜው ሙሉ የፈለገውን ወዳጅ አገኘ። ሚስቱ መብርሂት ያልለየችውን፣ አለቆቹ ያልለዩትን፣ እኛ መሃይሞቹ ያልለየነውን የሚለይ ፍጡር በዚህ ዓለም ላይ ተገኘ፤ እሱም ማሽን ነው።

ሰርተፍኬቱን በመስታወት አስገብቶ ከራሱ በላይ ሰቀለው። ከዚያ የወር ሪፖርቱን ማክሮ ቀረጸ፤ እኛም እንድናይ ተጠራን። ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ሰንጠረዡ መደመር፣ መቀለም፣ መሰመር ጀመረ። በመሀል ግን ገጹ ድንገት ወደ ታች ተንደረደረ፣ ትንሽ ቆመ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። «ምን እየፈለገ ነው?» አልኩት። ፊቱ ቀላ። ለካስ ሲቀርጽ መነጽሩ ጠፍቶበት ዓይኑን አጨንቁሮ ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ያንከባልል ነበር፤ ማክሮው ያንንም ይዞለት ቀርቷል። ሌላ ጊዜ እንደገና ይቀርጸዋል ብዬ ነበር፤ ዛሬም ድረስ መነጽሩን ይፈልጋል።

ሐሰት አልናገርም፤ ሪፖርቱ ከዚያ ወዲህ ይፈጥናል። ድሮ ሳምንት የሚያስለፋው ሥራ ቡና ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ባተረፈው ጊዜ ምን ሠራበት ብትሉኝ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ የሰው ፊደል አረመበት።

ከዚያ ድልድል መጣ። መሥሪያ ቤት ሠርታችሁ የምታውቁ ይህን ቃል ስትሰሙ ወንበራችሁን ጨብጣችሁ ትይዛላችሁ። ድልድል ማለት ሁሉም ሠራተኛ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ የትምህርቱ፣ የልምዱና የሥራ አፈጻጸሙ ነጥብ ተደምሮ፣ እንደ ውጤቱ አዲስ ወንበር ሲሰጠው ነው። ውጤቱ ያልበቃው «ተንሳፋፊ» ይባላል። ተንሳፋፊ ጠረጴዛ የለውም፤ ኮሪደር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከአንዱ ቅርንጫፍ ሰው ተፈልጎ እስኪጠራ ይጠብቃል።

ኃይለአብ የፈለገው የዕቅድና ሪፖርት ቡድን መሪነትን ነው። ደሞዙን አልነበረም፤ ክፍሉን ነበር። ቡድን መሪ በር ያለው የራሱ ክፍል አለው፤ እኛ ሌሎቻችን እንደ ገበያ በአንድ አዳራሽ ነን። መብርሂት ለዕድሩ ሁሉ ቀድማ ተናግራለች። እሱም ለገሃር ሄዶ በሩ ላይ የሚለጠፍ ታፔላ አሠርቶ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጧል። ሜቲ አይታዋለች። በወርቃማ ቀለም፣ በብዙኃኑ ኃ፣ ቡድን መሪ ይላል። የሚሰጠውም ይመስል ነበር፤ በትምህርትም በልምድም የሚስተካከለው አልነበረም።

ሥራ አስኪያጃችን «ሲስተም» የሚለው ቃል ደስ ይላቸዋል። ድልድሉ በሰው እጅ ከሆነ ሐሜት ይበዛል፤ በሲስተም ይሠራ አሉ። ሲስተሙ ማን ሆነ? ኃይለአብ። ተወዳዳሪው ራሱ ነጥብ ደማሪ ሲሆን አንድም ሰው አልጠየቀም፤ ማሽን ነዋ! ሜቲ የሁላችንን ስም፣ ትምህርትና ልምድ በአንድ ፋይል ጽፋ ሰጠችው። የሥራ አፈጻጸሙ ነጥብ ደግሞ ከየክፍሉ በሌላ ፋይል መጣለት። ማክሮው ስሙን ከሜቲ ፋይል ያነሳል፣ አፈጻጸሙን ከሌላው ይፈልጋል፣ ይደምራል። ካላገኘስ? ያቺ የተወደደች መስመር አለች። ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሰውዬው አፈጻጸም የሌለው ሰነፍ ሆኖ ይቀራል።

«ጋሼ፣ ኦልጅራ እንዳለን ስሞቹን መጀመሪያ አንድ ዓይነት እናድርጋቸው?» ብላ ሜቲ ጠይቃዋለች። «ስሙን በትክክል መጻፍ የማይችል ሠራተኛ ድሮም ውጤት አይገባውም» አላት። ልጅቷ ምን ታድርግ፤ በቃ ተወችው።

ኃይለአብ ቁልፉን ተጫነ፤ ማሽን አይሳሳትምና የወጣውን ሳያየው ውጤቱ ደረጃው አጠገብ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሁላችንም ተጋፋን። እኔ አልፌያለሁ፤ በጉብዝናዬ አይምሰላችሁ፣ «የሻረግ» ውስጥ የሚያምታታ ፊደል ስለሌለ ነው። አጠገቤ የምትሠራው ሀብትነሽ ግን ተንሳፈፈች። ሀብትነሽ ማለት መዝገብ ቤቱን አንድ ቀን ሳትቀር የከፈተች ሴት ናት። ሜቲ በሃሌታው ሀ ጽፋታለች፤ አለቃችን በሐመሩ ሐ። ማሽኑ ሀብትነሽን ሲፈልግ ሐብትነሽን አገኘና አላወቃትም። እሷ ከተንሳፋፊዎቹ ዝርዝር አናት ላይ ነበረች፤ በፊደል ተራ ሀ ይቀድማላ።

ኃይለአብ ከሰው ጋር መጋፋት አይወድም። ከኋላ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ እንኳን ደስ ያለህ የሚለውን ሰው እየጠበቀ ቆሟል። ሀብትነሽ ወደሱ ሄደች።

«አቶ ኃይለአብ፣ የኔ ነገር ምን ሆኖ ነው? አለቃዬ ከፍተኛ ነጥብ እንደሰጡኝ ፈርሜያለሁ እኮ።»

«ስምሽ በሁለት ዓይነት ተጽፎ ይሆናል፤ ማሽኑ አላገኘሽም።»

«ታዲያ ይስተካከልልኝ።»

«ማሽን አይሳሳትም፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ። የስም ጥንቃቄ የባለቤቱ ነው። ስንት ዓመት ተናገርኩ፤ ማን ሰማኝ?»

ሀብትነሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ፤ አፌ ላይ የመጣውን እዚህ አልጽፈውም። ገና ልናገር ስል፣ ከሰሌዳው ፊት የቆመው ሾፌራችን ረጋሳ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ ማንበብ ጀመረ። «የዕቅድና ሪፖርት ቡድን መሪ፣ ወይዘሪት ጃለኔ!» ሁሉም ዞሮ ጃለኔን አየ። ጃለኔ ራሷ ዞራ ከኋላዋ ሌላ ጃለኔ ካለች ፈለገች። ምስኪን፣ ከኃይለአብ ሥር የምትሠራ ጀማሪ ናት፤ ቅጹን የሞላችውም ሙዪ ስላሏት ነው። ኤክሴል ስትከፍት እንኳ ማሽኑን እንዳታስቀይመው የምትፈራ ልጅ ናት።

ኃይለአብ ሰዉን እየገፋ ወደፊት ወጣ። የቡድን መሪዎቹን ዝርዝር አየ፤ የለም። የባለሙያዎቹን አየ፤ የለም። ረጋሳ ጣቱን የተንሳፋፊዎቹ ወረቀት ላይ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ነዎት፤ ከሀብትነሽ ቀጥሎ» አለው።

«ሃይለአብ» ይላል። በሃሌታው ሃ። ሜቲ እንደ ሁሌው በፍጥነት ጽፋ፣ ኪቦርዱ ያወጣላትን ሃ ተቀብላ አልፋለች። የአፈጻጸሙን ቅጽ ደግሞ እሱ ራሱ ነው በእጁ የሞላው፤ በብዙኃኑ ኃ፣ በጥንቃቄ፣ ነገር እንዳይበላሽ። ማሽኑ ወዳጁ ነበርና እንደሱው ለየ። ሃይለአብና ኃይለአብ ሁለት ሰው ሆኑ፤ አንደኛው አፈጻጸም የሌለው ሰነፍ፣ ሌላው ወንበር የሌለው ጎበዝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉ የለ? እሱ ግን የለቀለቀው የራሱን ፊት ነው።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢው አቶ ወልደአረጋይ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ፣ በስብሰባ ላይ በማንቀላፋት የሚታወቁ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ነቅተው ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምነግራችሁ የስሚ ስሚ አይደለም። ተንሳፋፊዎቹ በሙሉ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ኃይለአብም አብሯቸው፣ ግን ትንሽ ራቅ ብሎ።

«አቶ ኃይለአብ፣ ነገሩን አናርዝመው» አሉ ሰብሳቢው። «ሠራተኞቹ ማክሮው ተሳስቷል ይላሉ። ተሳስቶ ከሆነ ድልድሉን አፍርሰን በእጅ እንደገና እንደምራለን፤ ሁሉም የሚገባውን ያገኛል። ካልተሳሳተ ዝርዝሩ ይጸናል። የሠሩት እርስዎ ነዎት። ተሳስቷል?»

መልሱ አንዲት ቃል ናት። «ተሳስቷል» ቢል ሀብትነሽ መዝገብ ቤቷ ትገባለች፤ እሱም ታፔላውን በሩ ላይ ይለጥፋል። በልቤ «በል እንጂ አንተ ሰው!» እያልኩ ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሰርተፍኬቱን አሰበ፤ ሥራ አስኪያጁን አሰበ፤ «ሲስተሙ የኔ ነው» እያለ ያወራባቸውን ቀኖች አሰበ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«ማክሮው አልተሳሳተም» አለ።

«ታዲያ ምኑ ነው የተሳሳተው?»

«ስሞቹ ናቸው።»

«የርስዎም ስም?»

ላቡን ጠረገ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ ሁላችንም በሰማነው ድምፅ፣ «አዎ፤ ማለቴ፣ የኔ ስም በሃሌታው ሃ ነው። አፈጻጸሙ ላይ ስጽፍ ተሳስቼ ነው» አለ።

ኬኩ ትዝ አለኝ። ለአንዲት ፊደል ስንቱን ሲያዋርድ የኖረ ሰው፣ ያቺኑ ፊደል በአደባባይ ካዳት፤ ያውም ለማሽን ብሎ። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ሰው ንቄ አላውቅም።

አቶ ወልደአረጋይ አልሳቁም። «መልካም» አሉ። «ማንም ሰው ስሜ ይህ ነው ሲል በማስረጃ ነው። በሃሌታው ሃ የተጻፈ አንድ ወረቀት ያምጡ፤ ዛሬውኑ ይስተካከልልዎታል። መታወቂያም ቢሆን፣ ዲግሪም ቢሆን፣ የባንክ ደብተርም ቢሆን።»

እንዲህ ያለ ወረቀት በዚህ ዓለም ላይ አልነበረም። ኃይለአብ ዕድሜውን ሙሉ እንዳይኖር ሲያሳርም ኖሯል። እርማቱ ለካ እንዲህ የጠራ ነበር፤ አንድ እንኳ አላመለጠውም።

ሀብትነሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች። አልተቆጣችም፤ እኔን ያናደደኝ አለመቆጣቷ ነው። «አቶ ኃይለአብ፣ ይተዉ እንጂ። ተሳስቷል ይበሉና ሁላችንም እንግባ። ምን ይሆናሉ?» አለችው።

«ማሽን አይሳሳትም» አለ። ድምፁ ግን የሱ አልነበረም።

አቶ ወልደአረጋይ ወደኔ ዞሩ። «ጻፊ» አሉኝ። «ባለሙያው ማክሮው አለመሳሳቱን አረጋግጠዋል። ዝርዝሩ ጸንቷል።» ጻፍኩ።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እንደ ዝርዝሩ ተራ፣ ሀብትነሽ ከዳር፣ እሱ ቀጥሎ። አታናግረውም። ሰዎች ሲወጡ ሲገቡ እሷን ሰላም ብለው እሱን ያልፉታል። ወር ሲያልቅ ግን ጃለኔ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እያፈረች፣ «ጋሼ፣ ያቺን ቁልፍ ይጫኑልኝ?» ትለዋለች። በር ያለው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ቆሞ ይጫናል። ገጹ መነጽር ፍለጋ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ሪፖርቱ ያልቃል። እሱም ወደ አግዳሚው ይመለሳል። ታፔላው የት እንዳለ አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን ክፍለ ሀገር ያለ ቅርንጫፍ ሰው ጠየቀና ሜቲ የተንሳፋፊዎቹን ስም ልትመዘግብ ወጣች። እኔም ለሀብትነሽ ቂጣ ይዤላት መጥቼ እዚያው ነበርኩ። ሜቲ የሀብትነሽን ጻፈች፤ እሱ ጋ ስትደርስ ፈራች።

«ጋሼ፣ የርስዎን በየትኛው ሃ ልጻፈው?»

ሁላችንም ያን የድሮውን ትምህርት ልንሰማ ጠበቅን። ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ። እሱ ግን ቀና አላለም።

«ማሽኑ በሚያውቀው ጻፊው» አለ።

ሜቲ ሃ ብላ ጻፈች። ይህን ጊዜ ሀብትነሽ እጇን ዘርግታ ብዕሩን ከልጅቷ ተቀበለች። ሃዋን ሰረዘችና ከጎኗ ኃ ጻፈች። «በብዙኃኑ ነው የሱ» አለች። «ወንበሩን ወሰዳችሁበት፤ ስሙን እንኳ ተዉለት።»

እኔ አዘንኩለት፤ አልዋሽም። አሁን ያለቅሳል፣ ወይ ይቅርታ ይላታል ብዬ አየሁት። ኃይለአብ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ አጠለቀ፣ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። ረዘም አድርጎ አየው።

«ኃዋን አስተካክያት» አላት። «ና መሰለች።»